ከስም ጥሪው ጀምር፦ ለአዲስ የዩኒቨርሲቲ መምህር የተጻፈ ምክር

ልጄ፣ መቀጠርህን ስሰማ ደስ አለኝ፤ የተሰጠህ የፍሬሽማን ክፍል መሆኑን ስሰማ ደግሞ ዝም ማለት አላስችል አለኝ። ኮርሱን ታውቀዋለህ። የማስተማር ዘዴውን ኤች ዲ ፒ የሚባለው የመምህራን ፕሮግራም ስትገባ ያሠለጥኑሃል። እኔ የምመክርህ በሥልጠናው ብዙም ስለማይነሣ ነገር ነው፦ ከየአቅጣጫው ተመድበው የመጡ፣ አንዱ የሌላውን ቋንቋ የማይሰማ፣ አብዛኞቹ ከወላጅ ቤት ሲወጡ ገና የመጀመሪያቸው የሆነ ስድሳ ልጆች እንዴት የአንድ ክፍል ልጆች ይሆናሉ?

ደርግ በወደቀበት በ1983 ዓ.ም.፣ አሥመራን ሳንቆጥር፣ ዩኒቨርሲቲ የሚባሉት አዲስ አበባና ዓለማያ ነበሩ። ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። ተማሪውን በአብዛኛው የሚመድበው ትምህርት ሚኒስቴር ስለሆነ የጅግጅጋው ልጅ ጎንደር፣ የደብረ ማርቆሷ ጅማ፣ የጋምቤላው አርባ ምንጭ ሊደርሳቸው ይችላል። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ አብዛኞቹ አንደኛ ደረጃን የተማሩት በየአካባቢያቸው ቋንቋ ነው። ክፍልህ ሲገቡ የጋራችን የሚሉት ነገር ቢኖር የተፈተኑት የ12ኛ ክፍል ፈተና፣ የካፌው ምግብና የጂፒኤ ፍርሃት ነው።

በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ወራት በበርካታ ግቢዎች በብሔር ሰበብ ግጭት ተነሥቶ ተማሪዎች ሞተዋል፤ ብዙዎችም ሻንጣቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ተመልሰዋል። ከዚያ ወዲህ ስለ አብሮነት ያልተነገረ ንግግር፣ ያልተሰቀለ ባነር የለም። እኔ ግን በንግግር የተቀራረበ ክፍል አላየሁም። ተማሪን ከተማሪ የሚያቀራርበው መምህሩ የሚዘረጋው አሠራር ነው፤ አሠራሩ ደግሞ ጥቃቅን ነው፣ ያሰለቻል፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ካልተጀመረም በኋላ ለመጀመር ይከብዳል። እንግዲህ ስማኝ።

1. ስማቸውን ክፍል ከመግባትህ በፊት ተለማመድ።

የስም ዝርዝሩ ከሬጅስትራር የሚመጣልህ በላቲን ፊደል ነው፤ መሰናክሉም እዚያ ላይ ነው። ስሙን በቁቤ ያስጻፈ ልጅ የስሙ መነሻ «ሲ» ሊሆን ይችላል። አንተ በእንግሊዝኛ ልማድህ «ካላ» ብለህ ትጠራለህ፤ ልጁ ጫላ ነው። በቁቤ «ሲ» ጨ ናት፣ «ኤክስ» ደግሞ ጠ ናት። «ዲ» እና «ኤች» ተከታትለው ካየህ ዸ ነው፤ ይህ ድምፅ አማርኛ ውስጥ ስለሌለ ኦሮምኛ የሚናገር ባልደረባህን ጠይቀህ ምላስህን አለማምደው። በሶማሊኛ አጻጻፍ እነዚያው ፊደላት ሌላ ይሆናሉ፤ «ሲ» ከጉሮሮ የምትወጣው ዐ፣ «ኤክስ» ሐ ናት። ስለዚህ «ካብዲ» ያልከው ዐብዲ፣ «ዛሳን» ያልከው ሐሰን ይሆናል። ደግሞ ሁሉም በዚህ ሥርዓት አልተጻፈም፤ አንዱ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ፣ ሌላው የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ እንደመጣላት ጽፋው ይሆናል። ስለዚህ ገምተህ አትጥራ። ያልገባህን ስም አንብበህ «እንዴት ልበልህ?» በል፤ ሲነግርህ ደግመህ በለው፣ ከዝርዝሩ አጠገብ በግዕዝ ፊደል ጻፈው።

ትንሽ ነገር መስሎህ እንዳታልፈው። ስሙ ተበላሽቶ የተጠራ ልጅ መጀመሪያ ዝም ይላል፤ እሱን መሆኑ እስኪገባው ሰከንዶች ያልፋሉ። ከዚያ እጁን በግማሽ ያነሣል። ክፍሉ ይስቃል። ማታ ያ የተበላሸ ስም ዶርም ውስጥ ቅጽል ስም ይሆናል፤ ተመራቂ (ጂሲ) እስኪሆን ድረስም አይለቀውም።

አቴንዳንስ ወረቀት አዙሮ ማስፈረም ጊዜ ይቆጥባል፤ በኋላ ታዞራለህ። ለሁለት ሳምንት ግን በቃልህ ጥራ፣ ፊታቸውን እያየህ።

2. «ከየት ነህ?» ብለህ በሰው ፊት አትጠይቅ።

ይህ ጥያቄ በእኛ ጊዜ የወዳጅነት ነበር፤ ከየት ነህ ሲባል የጋራ ዘመድ ወይም የምናውቀው ከተማ ይፈለግ ነበር። አሁን ስድሳ ሰው ፊት ሲጠየቅ ልጁ መልሱን ከመስጠቱ በፊት ማን እንደሚሰማው ያስባል። ራሳችሁን አስተዋውቁ የምትል ከሆነ ስማቸውንና ለምን ይህን ትምህርት እንደመረጡ ይናገሩ፤ ብዙዎቹ «አልመረጥኩትም፣ ደረሰኝ» ይሉሃል፤ ይህም አንድ የጋራ ወሬ ይሆናቸዋል።

ማወቅ ያለብህን በወረቀት ጠይቅ። ለእያንዳንዱ ቁራጭ ወረቀት ስጥና አራት ነገር ይጻፉልህ፦ መጠራት የሚፈልጉበትን ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ አንደኛ ደረጃን የተማሩበትን ቋንቋ፣ ትምህርቱን ሊያከብድባቸው የሚችል ነገር ካለ እሱን። የመጨረሻውን ባዶ መተው እንደሚችሉ ንገራቸው። አንዷ በአንድ ጆሮዋ እንደማትሰማ ትጽፋለች፤ አንዱ በጦርነት ምክንያት ትምህርቱን ለዓመታት አቋርጦ እንደነበር ይጽፋል። ሌላው ለሃንድአውት ኮፒ የሚሆን ገንዘብ እንደሌለው ይጽፍልሃል። ወረቀቶቹን ቆልፍባቸው። ለክፍል ተወካዩም አታሳይ።

3. የቋንቋውን ነገር በመጀመሪያው ቀን ለይተህ ተናገር።

በሕጉ የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። በተግባር የሚሆነውን አንተም ተማሪ ሆነህ አይተኸዋል፤ መምህሩ ስላይዱን በእንግሊዝኛ ያነባል፣ «ገባችሁ?» ይላል፣ ዝም ሲሉት ወደ አማርኛ ወይም ወደ አካባቢው ቋንቋ ይዞራል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው ዋናው። ማብራሪያው፣ ምሳሌው፣ ቀልዱ፣ «ይህቺን እንዳትረሷት» የምትለዋ የፈተና ጥቆማ፣ ሁሉም በዚያ ቋንቋ ነው። ቋንቋውን የማይሰማው ልጅ የደረሰው ስላይዱ ብቻ ነው። ሌሎቹ ሲስቁ አብሮ ፈገግ ይላል፤ በምን እንደሳቁ ግን አያውቅም።

እኔ «ከእንግሊዝኛ ሌላ አይነገርም» ከሚሉት ወገን አይደለሁም። እንዲህ የሚሉ መምህራን ራሳቸው የሚያስተምሩትን ክፍል አያውቁትም፤ በእንግሊዝኛ ብቻ ብትሄድ ሁሉንም እኩል ትተዋቸዋለህ እንጂ እኩል አታስተምራቸውም። ይልቅ እንዲህ አድርግ። በሌላ ቋንቋ ያብራራኸውን ሁሉ መልሰህ በቀላል እንግሊዝኛ ድገመው። ቁልፍ ቃላቱን ሰሌዳ ላይ ጻፋቸው። ስለ ፈተና፣ ስለ አሳይመንት ቀን፣ ስለ ክፍል ለውጥ የምትናገረው ከእንግሊዝኛ ውጪ አይሁን፤ በቃል ብቻም አይቅር፣ ተጽፎ ይታይ። ከባድ ሐሳብ ሲሆን ደግሞ ሦስት ደቂቃ ስጣቸውና በገዛ ቋንቋቸው እርስ በርስ ያስረዱ፤ ከዚያ አንዱ ተነሥቶ በእንግሊዝኛ ይናገር። ክፍሉ ውስጥ አምስት ቋንቋ ሲንጫጫ መጀመሪያ ትደነግጥ ይሆናል። አይዞህ፣ ትምህርት እየተካሄደ ነው።

4. በተናጋሪ ላይ የሚስቀውን ዝም ብለህ አትለፍ።

አንድ ልጅ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ሲጠይቅ ከኋላ ወንበር ሳቅ ይነሣል። ተቆጥተህ ንግግር ብታደርግ ጠያቂው ይበልጥ ያፍራል። አንተ ጥያቄውን አንሣና አስተካክለህ ድገመው፦ «የጠየቅኸው ይህን ነው አይደል?» ብለህ ፊቱን እያየህ፣ ከዚያ በቁም ነገር መልስ። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ «ባለፈው እሱ ካነሣው ጥያቄ እንጀምር» በል። የሳቀውን ለብቻው ጠርተህ አናግረው፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ የራሱን እንግሊዝኛ የሚፈራ ልጅ ነው።

5. «ራሳችሁ ተቧደኑ» አትበል።

መምህራን ከሚናገሩት ሁሉ ክፍልን የሚከፋፍል እንደዚህ ያለ ንግግር አላውቅም። ምን እንደሚሆን ልንገርህ። ያልካቸው ዕለት ማታ የአንድ ዶርም ልጆች አንድ ግሩፕ ይሆናሉ፤ የአንድ ቋንቋ ልጆች ሌላ፤ የአንድ ፌሎሺፕ፣ የአንድ ጀመዓ ወይም የአንድ ግቢ ጉባኤ ልጆች ደግሞ ሌላ። ሰቃዮቹ እርስ በርስ ይፈላለጋሉ። በማግስቱ ተወካዩ ዝርዝሩን ይዞ ይመጣና «ቲቸር፣ ሦስት ልጆች ግሩፕ የላቸውም» ይልሃል። እነማን እንደሆኑ ሳይነግርህ ልትገምት ትችላለህ፦ አንዱ ኮርሱን አድ አድርጎ ከሌላ ባች የመጣ ሲኒየር ነው፣ አንዱ ዘግይቶ የተመዘገበ፣ አንዷ ቋንቋዋን የሚናገር ሌላ ሰው ክፍሉ ውስጥ የሌላት። «እስቲ አንዱ ግሩፕ ይቀበላቸው» ስትል፣ በስድሳ ሰው ፊት ተረፈ ምርት አደረግሃቸው።

አንተ መድባቸው። በተቀመጡበት ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት እየቆጠሩ ይዙሩ፤ አንድ ያሉት አንድ ግሩፕ፣ ሁለት ያሉት ሁለት። ጎን ለጎን የተቀመጡ ጓደኞች በዚሁ ይለያያሉ፤ ማንም በብሔርም በጾታም መረጠን አይልህም። አንድ ነገር ብቻ በእጅህ አስተካክል፦ ሴቶች ጥቂት በሆኑበት ክፍል አንዲትን ሴት ከአራት ወንዶች ጋር ብቻዋን አትመድብ፤ ሁለት አድርጋቸው። አለዚያ ጸሐፊ ትሆንላቸዋለች፣ አሳቢዎቹ እነሱ ይሆናሉ። ግሩፑ እስከ ሚድ ፈተና ይቆይና ከሚድ በኋላ እንደ አዲስ ይበወዝ።

ባልደረቦችህ «አንድ ለአምስትን ልትመልስብን ነው?» ብለው ሊቀልዱብህ ይችላሉ። በኢሕአዴግ ጊዜ የነበረው አደረጃጀት ጎበዙን ተማሪ አለቃ ያደርግ ነበር፤ ሌሎቹ እሱ የሚለውን መስማት ነበር ሥራቸው፣ ነገሩም ከትምህርት አልፎ የፖለቲካ ሽታ ነበረው። የአንተ ግሩፕ አለቃ አይኑረው። አሳይመንቱን ለአምስት ሰው በሚከፈል መልኩ አዘጋጀው፤ የምንጩ ንባብ፣ ስሌቱ፣ ሥዕሉ፣ ጽሑፉ፣ የማቅረቢያው ዝግጅት። በማቅረቢያው ቀን ግን ማን ምን እንደሚያቀርብ ዕጣ ይውጣ። ስሌቱን ያልሠራችው ልጅ ስሌቱን እንድታብራራ ዕጣ ሊወጣባት እንደሚችል ካወቀች፣ ማታ ላይብረሪ ሄዳ የሠራውን ልጅ «አስረዳኝ» ትለዋለች። እሱም ውጤቱ በእሷ አፍ ላይ ስለሆነ ያስረዳታል። «ስሜን አስገቡልኝ» የሚባለው ልማድ የሚቀንሰውም በዚህ ነው። ጓደኝነቱ ከዚያ ማታ ይጀምራል፤ እኛ አናየውም።

6. ሰሌዳ ላይ የምትጽፈውን በአፍህም በለው።

ማየት የተሳናቸው ተማሪዎች ብዙ ትምህርት ክፍል ውስጥ አሉ። «ይሄንን ወደዚህ አምጥተን ከዚህ ስንቀንስ» ለእነሱ ምንም ማለት አይደለም፤ የቁጥሩንና የምልክቱን ስም ጥራ። በስልካቸው እንዲቀዱህ ፍቀድ። ፈተና ሲደርስ አንባቢ ማን እንደሆነ አስቀድመህ ጠይቅ፤ ዕለቱን አንባቢ ፍለጋ መሯሯጥ የልጁን ሰዓት ይበላል። ዊልቸር የሚጠቀም ተማሪ ካለህ ክፍሉ ወደ ምድር ቤት እንዲዛወር በመጀመሪያው ሳምንት ለዲፓርትመንት በጽሑፍ ጠይቅ፤ ፕሮግራሙ ከተረጋጋ በኋላ ክፍል የሚቀይርህ የለም። ፍሬሽማኖቹ ኢንክሉሲቭነስ የሚባል ኮርስ ይወስዳሉ፤ ሊፍት በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲሰጥ አይቻለሁ።

7. ማካካሻ ክፍለ ጊዜ (ሜክአፕ) ስትይዝ ቀኑን ተመልከት።

ዓርብ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ የጁምዓ ሶላት አለ። ቅዳሜ የአድቬንቲስት ተማሪዎችህ አይመጡም፣ እሑድ ጠዋት ብዙዎቹ አይመጡም። በ2016 ዓ.ም. ረመዳንና ዐቢይ ጾም አንድ ሰሞን ገብተው ነበር፤ እንዲህ ባለ ወቅት ከሰዓት በኋላ የምትሰጠው ኩዊዝ የሚለካው ረሃብን ነው። ቀኑን አንተ ወስነህ አታሳውቅ፤ ሁለት አማራጭ አቅርብና የማይመቸው ሰው ካለ ለብቻው እንዲነግርህ ጊዜ ስጥ። እጅ አውጡ ብለህ በድምፅ ብልጫ አታስወስን፤ ድምፅ ብልጫ ላይ ጥቂቶቹ ምንጊዜም ተሸናፊ ናቸው።

8. ቢሮህ ውስጥ ከተማሪ ጋር በር ዘግተህ አትቀመጥ።

ሴት ተማሪዎች መምህር ቢሮ ብቻቸውን መሄድ ለምን እንደሚፈሩ ታውቃለህ፤ እንደማያውቅ አትሁን። «ስለ ውጤትሽ ቢሮ መጥተሽ አናግሪኝ» የሚል ንግግር ከአፍህ አይውጣ። የምክር ሰዓትህን ወስነህ በር ላይ ለጥፍ፤ ረቡዕ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት በል። በሩ ክፍት ይሁን፣ ሁለት ሦስት ሆነው ይምጡ። ማታ ለተማሪ ቴክስት አትላክ። ሴት ተማሪን ለብቻዋ ቢሮ የሚጠራ ባልደረባ ቢኖርህና በሻይ ሰዓት እየሳቀ ቢያወራው፣ አትሳቅለት። ክፍልህ ውስጥ ያሉ ልጃገረዶች ማን ምን እንደሆነ ከአንተ በፊት ያውቁታል፤ ክፍሉ የእነሱም እንደሆነ የሚያምኑት በዚህ ጥንቃቄህ ነው።

9. ስታርም ስማቸውን አትይ።

መጀመሪያ ላይ ስማቸውን እወቅ ብዬሃለሁ፤ ፈተና ስታርም ደግሞ የማን ወረቀት እንደሆነ ባታውቅ ይሻልሃል። በግቢዎቻችን «ለወገኑ ነው ኤ የሰጠው» እንደሚለው ሹክሹክታ ክፍልን የሚያፈርስ የለም። ሐሜቱ እውነት ባይሆን እንኳ ማስተባበያ ከሌለህ እንደ እውነት ይኖራል። ስለዚህ ፈተናው ላይ መታወቂያ ቁጥር ብቻ ይጻፉ፤ ወይም የፊት ገጹን አጥፈህ እረም። የሁሉንም አንደኛ ጥያቄ ጨርሰህ ወደ ሁለተኛው እለፍ፤ አንዱን ወረቀት ከላይ እስከ ታች ከጨረስክ የመጀመሪያው መልስ ጥሩነት ወይም ድክመት እጅህን ይጎትተዋል። ለየትኛው ጥያቄ ስንት ነጥብ እንደሆነ ከፈተናው ወረቀት ላይ ይታይ። የሚዱን ወረቀት መልስላቸው፣ መልሱን ክፍል ውስጥ ሥራላቸው፣ ቅሬታ ያለው በአንድ ሳምንት ውስጥ በጽሑፍ ያቅርብ። የአደማመር ስሕተት ከተገኘ ወዲያው አስተካክልና ለክፍሉም ተናገር።

ከላይ የዘረዘርኩልህ ሁሉ ያለዚህ አይቆምም። ስሙን በትክክል የጠራህለት፣ በቋንቋው ያልገፋኸው፣ በግሩፕ ያቀራረብኸው ልጅ ውጤቱ ተዛብቷል ብሎ ካመነ፣ ያ ሁሉ ማባበያ ነበር ይላል። ኤፍ ያገኘ ተማሪ ግን የወደቀበትን ምክንያት በዓይኑ ካየ ያዝናል እንጂ ከክፍሉ አይሸሽም።

10. ግቢው ሲታወክ ክፍልህን ያዝ።

እንዲህ ያለ ቀን አይምጣብህ፤ ከመጣ ግን ማን ጀመረው ብለህ ክፍል ውስጥ አትጠይቅ፣ ፌስቡክ ላይም አትጻፍ። የምትጽፈውን ሁሉም ቡድን ያነበዋል፣ እያንዳንዱም ለራሱ ይተረጉመዋል። ፈርተው የቀሩትን ቀሪ አትበላቸው። ክፍለ ጊዜውን በሌላ ቀን ድገም፣ ሃንድአውቱን አድርስ። በግሩፕ ያገናኘሃቸው ልጆች የሚያስፈልጉህ ያን ጊዜ ነው፤ አንዱ ከዶርም መውጣት ሲፈራ የሌላ ቋንቋ ተናጋሪ ጓደኛው ደውሎ «አለህ ወይ?» የሚለው፣ ኖቱን የሚያደርስለት፣ አብሮት ካፌ የሚሄድ ከሆነ፣ ልጁ ትምህርቱን ሳያቋርጥ ሊቆይ ይችላል። ይህን አንተ ብቻህን ለስድሳ ሰው ማድረግ አትችልም።

አንተም ደውልለት። ደውለህ ብዙ አታውራ፤ ስሙን ጥራ፣ ደህና መሆኑን ጠይቅ፣ ትምህርቱ የት እንደደረሰ ንገረው። ለዚህ እንዲሆንህ የሁሉንም ስልክ ቁጥር በደብተርህ ላይ በእጅህ ገልብጠህ ያዝ። የክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ይበቃኛል አትበል፤ ኢንተርኔት ሲዘጋ ቴሌግራም አይሠራም።